«የቆዳ ነው፣ ተወው» የማይባልለት ታማሚ

ላብራቶሪ የሠራችሁ ሰዎች ይህቺን ነገር ታውቋታላችሁ። ጠዋት ኢንኩቤተሩን፣ ባክቴሪያ የሚበቅልበትን ሙቅ ሳጥን፣ ትከፍታላችሁ። የታማሚ ደም የተዘራበትን ፕሌት ወደ መብራት ከፍ ታደርጋላችሁ። ቀዩ የደም አጋር (የባክቴሪያው ምግብ) ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል፣ ነጭ፣ ክብ፣ ለስላሳ ነገር ተበትና ታያላችሁ። አንዷን በእንጨት ጫፍ አንስታችሁ ስላይድ ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ ስታደርጉባት እንደ አምቦ ውሃ ትፈላለች። ስታፍ የሚባለው የባክቴሪያ ዘር ናት ማለት ነው። ከዚያ ፕላዝማ ያለበት ቱቦ ውስጥ ጨምራችሁ አራት ሰዓት ትጠብቃላችሁ። ፕላዝማው ከረጋ የሚፈራው ስታፍ ኦርየስ ነው፣ ለዋርድ ይደወላል። ካልረጋስ? አጠገባችሁ ያለው አንጋፋ ባልደረባ ቀና እንኳን ሳይል «የቆዳ ነው፣ ተወው» ይላችኋል።

እኔም ለዓመታት ስተወው ኖሬያለሁ። ደም የሚቀዳው ቆዳ ተበስቶ ነው። ቆዳው በደንብ ካልተጠረገ መርፌዋ ላይ የተሳፈረ ባክቴሪያ ጠርሙሱ ውስጥ ገብቶ ይበቅላል። ጥሩ በሚባል ላብራቶሪ እንኳ ከመቶ የደም ካልቸር (ደም ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ ባክቴሪያ ይበቅል እንደሆን ማየት) ሁለት ሦስቱ እንዲህ ቢበከል ማንም አይደነግጥም። ስለዚህ «ብክለት» ብሎ ጽፎ ማለፍን ስንፍና ብቻ አድርጋችሁ አትዩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። ጣጣው ያለው «አብዛኛውን ጊዜ» የምትለዋ ላይ ነው። የጥያቄ ወረቀቱን ገለጥ አድርጋችሁ ስታዩ ሐኪሙ በተጣደፈ እጁ «አኪዩት ሉኪሚያ፣ ኬሞ ከጀመረ 12ኛ ቀን፣ ትኩሳት 39» ብሎ ጽፎ ከሆነ፣ ማለትም ሰውዬው የደም ካንሰር ይዞት የካንሰር መድኃኒት (ኬሞ) ላይ ከሆነ፣ የጤፍ ፍሬዋ ነገር ሌላ ታሪክ ሆነ ማለት ነው።

ባክቴሪያው ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ይባላል። ጀርመናዊው ሐኪም ሮዘንባህ እ.ኤ.አ. በ1884 ስታፎችን በቀለማቸው ለይቶ ወርቃማውን ኦርየስ፣ ነጩን አልቡስ አላቸው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ነጩ ነው በኋላ ኤፒደርሚዲስ የተባለው። ወርቃማው ስም አወጣ፤ እባጭ፣ መግል፣ የሳንባ ምች፣ ሁሉም በሱ ተላከከ። ነጩን ለብዙ አሥርት ዓመታት ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው ጥቂት ነው።

እናንተም ላይ አለ። አሁን ይህን ስታነቡ ብብታችሁ ስር፣ ግንባራችሁ ላይ፣ አፍንጫችሁ ውስጥ ተቀምጧል። ላባችሁንና የቆዳችሁን ቅባት እየተቃመሰ ይኖራል። እንደውም ይጠቅማችኋል፣ ቦታውን ስለያዘ ሌሎች ክፉ ተህዋሲያን እንደልባቸው እንዳይሰፍሩ ያደርጋል። እንደ ወርቃማው ወንድሙ የመርዝ ግምጃ ቤት የለውም። ሰላማዊ ጎረቤት ነው ብትሉት አልከራከርም። የሚጎዳው አጥሩ ሲፈርስና ዘበኛው ሲጠፋ ነው። ሉኪሚያ ታማሚ ላይ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይሆናሉ።

ከዘበኛው እንጀምር። ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ባክቴሪያ ሲያገኝ መጀመሪያ ደርሶ የሚውጥ ነው። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ፣ ማለትም የአንድ ጠብታ ሃምሳኛ በምታህል ደም ውስጥ፣ ከ1,500 በላይ አለው። ሉኪሚያ ራሱ መቅኒውን በበሽተኛ ሴሎች ሞልቶ ጤነኞቹ እንዳይወለዱ ያደርጋል። ኬሞው ሲመጣ ደግሞ በሽተኛውንም ጤነኛውንም አብሮ ያጭዳል። ቁጥሩ ከ500 ሲወርድ ሐኪሞች መጨነቅ ይጀምራሉ። ከ100 ሲወርድ ሌሊትም ስልካቸውን አያጠፉም። አኪዩት ማይሎይድ በሚባለው የሉኪሚያ ዓይነት የመጀመሪያው ዙር ኬሞ ሰውዬው ሦስት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ እንዲህ ባዶውን ሊቆይ ይችላል። ጄራልድ ቦዲ የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1966 ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ኒውትሮፊል በቀነሰ ቁጥር፣ ቀንሶ የሚቆይበት ጊዜም በረዘመ ቁጥር ኢንፌክሽኑ ይበዛል። ዛሬ ቀላል ነገር ይመስላል። ያኔ ግን ሉኪሚያ ታማሚ የሚሞተው በካንሰሩ ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ ዜሮ በገባባት በዚያች መስኮት መሆኑን በቁጥር ያስቀመጠ ሥራ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ አስታማሚ የማያውቀው ነገር አለ። መግል ማለት በአብዛኛው የሞቱ ኒውትሮፊሎች ክምር ነው። ኒውትሮፊል የሌለው ሰው መግል አይቋጥርም። ቁስሉ አያብጥም፣ ብዙም አይቀላም። ደረቱ ላይ ቱቦ የገባበትን ቦታ ፕላስተሩን ገልጣችሁ ብታዩ ንጹሕ ነው፤ «ተመስገን፣ ምንም የለውም» ትላላችሁ። ውስጡ ግን እየነደደ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ምልክት ትኩሳት ብቻ ነው። 38.3 አንዴ ከታየ፣ ወይም 38 ለአንድ ሰዓት ከዘለቀ፣ ደም ተቀድቶ አንቲባዮቲክ በስልሳ ደቂቃ ውስጥ መጀመር አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ትኩሳት ሲመጣ «ምች መታው» ብሎ ዳማከሴ መጭመቅ የተለመደ ነው፣ ዘመናዊ የሆነው ደግሞ ፓራሲታሞል ይውጣል። ለሌላ ሰው ምንም አይደል። ለዚህ ሰው ግን ፓራሲታሞሉ ያለችውን አንድ ደወል ይዘጋበታል።

አጥሩስ? አጥሩ ቆዳ ነው፣ እሱን የምናፈርሰው እኛው ነን። ኬሞ እጅ ላይ ባለች ቀጭን የደም ሥር ለወራት አይሰጥም፣ ሥሩን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ለስላሳ ቱቦ በደረት በኩል ይገባና ጫፉ ልብ አጠገብ ባለው ትልቅ የደም ሥር ላይ ያርፋል። በ1973 ብሮቪያክ የሚባለው ቱቦ፣ ቀጥሎ በዚያው አሥርት ዓመት ማብቂያ ላይ ሲያትል ውስጥ ሮበርት ሂክማን ያሻሻለው ቱቦ መጣ። ቱቦው ዛሬም በሂክማን ስም ይጠራል። ከቆዳ ሥር የሚቀበረው ፖርትም ተከተለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ ቱቦ ነው የዳኑት፣ ይህን ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ግን አስቡት፤ ከቆዳ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ልብ ደጃፍ የሚያደርስ መንገድ ነው። ለኤፒደርሚዲስ አስፋልት ተነጠፈለት።

መንገዱ ላይ ምን ያደርጋል? አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በጀሪካን ያጠራቀመ ሰው ይህን ለመረዳት ማይክሮስኮፕ አያስፈልገውም። ጀሪካኑ ሲቆይ ውስጡ የሚይዘውን ሙልጭልጭ ነገር ታውቁታላችሁ። ውሃ ጨምራችሁ ብትንጡት አይለቅም። በረኪና ብትጨምሩበት ላዩ ይነጣና ሥሩ ይቀራል። ጠጠርና አሸዋ ከትታችሁ ካልፈገፈጋችሁት አይሆንም። ባዮፊልም የሚባለው ይኸው ነው። ኤፒደርሚዲስ ፕላስቲኩ ላይ ይለጠፍና ከስኳር የተሠራ ሙጫ አመንጭቶ ራሱን ይሸፍናል። ከሙጫው ሥር ያሉት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ እያንቀላፉ ስለሚኖሩ፣ የሚያድግ ባክቴሪያን የሚገድል መድኃኒት አያገኛቸውም። ታማሚው ልብ አጠገብ ያለን ቱቦ ደግሞ በጠጠር ልትፈገፍጉት አትችሉም።

ነርሶች የሚያውቁት አንድ ምልክት አለ። ታማሚው ደህና ነው፣ ይስቃል። ቱቦው በጨው ውሃ ይታጠባል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰውዬው ጥርሱ እስኪፋጭ ይንቀጠቀጣል፣ ብርድ ልብስ ቢደራርቡለት አይሞቀውም። ውሃው ሙጫውን ቦርቡሮ ባክቴሪያውን ወደ ደም ለቀቀው ማለት ነው። ቱቦ ከታጠበ በኋላ መንቀጥቀጥ ካያችሁ መጀመሪያ ቱቦውን ጠርጥሩ።

በ1960ዎቹና 70ዎቹ ሉኪሚያ ታማሚዎችን ይበልጥ ይጨርሱ የነበሩት ከአንጀት የሚወጡትና እንደ ስዩዶሞናስ ያሉት ባክቴሪያዎች ነበሩ፣ በአንድ ሌሊት የሚገድሉት። ለእነሱ መድኃኒት ተገኘ። ቱቦው መጣ። በ1980ዎቹ ደም ውስጥ የሚገኘው ነገር እየተቀየረ ሄዶ የቆዳ ባክቴሪያዎች ከፊት መጡ። ኤፒደርሚዲስ ብቻውንም አልነበረም። በ1976 ቤተስዳ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሐኪሞች፣ አብዛኛው አንቲባዮቲክ የማይነካው ኮሪኔባክቴሪየም የሚባል አዲስ የቆዳ ባክቴሪያ የካንሰር ታማሚዎች ደም ውስጥ ማግኘታቸውን ጻፉ። ይኼኛው ብብትና ብሽሽት ይወዳል፣ ቅባት ካላገኘ በደንብ አያድግም። መጀመሪያ «ጄኬ» ይባል ነበር፣ በ1987 ደግሞ ጄይኪየም የሚል ስም አገኘ፣ ፊደሎቹን ሲጠሯቸው የሚሰማው ድምፅ ነው። ተመራማሪዎችም ይቀልዳሉ ለካ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እንዲህ ያለ ሰላማዊ የቆዳ ጎረቤት መድኃኒት መቋቋምን ከየት ተማረ?

ከእኛ። ሆስፒታል ውስጥ የሚገኘው ኤፒደርሚዲስ አብዛኛው ሜክ ኤ የሚባል ጂን አለው። ይህ ጂን የፔኒሲሊንን ዘመዶች በሙሉ ማለት ይቻላል ዋጋ ያሳጣል። ላብራቶሪ ውስጥ ሴፎክሲቲን የሚባል አንቲባዮቲክ የተነከረ ክብ ወረቀት (ዲስክ) አስቀምጠን ዙሪያውን የጸዳውን ክብ በማስመሪያ እንለካለን፤ 24 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አለቀ፣ ክሎክሳሲሊንም ሴፍትሪያክሶንም አይሠሩም። እንደሚታመነው ስታፍ ኦርየስ ራሱ ይህን ጂን ያገኘው ከእንዲህ ያሉ የቆዳ ስታፎች ነው። ይኸውም ነጩ ስታፍ ሰውን ባይገድል እንኳ የጂን ጎተራ ነው፤ የተራበ ዘመድ ሲመጣ ሰፍሮ ይሰጣል።

ከሁሉ የገረመኝን ልንገራችሁ። በ1997 ዴንማርኮች ጤነኛ ፈቃደኞችን ለአንድ ሳምንት ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) የሚባለውን አንቲባዮቲክ አስዋጧቸው። መድኃኒቱ በላብ ይወጣል። ብብታቸውን እየጠረጉ ሲመረምሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲፕሮን ብቻ ሳይሆን ሌሎች መድኃኒቶችንም የሚቋቋም ኤፒደርሚዲስ አገኙ። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ለሳምንታት አልሄደም። ለሆድ ወይም ለሽንት ብላችሁ የዋጣችኋት ክኒን ብብታችሁ ድረስ ወርዳ ባክቴሪያ ታሠለጥናለች ማለት ነው። ኩላሊትና ጉበት ሲባል ሁሉም ይሰማል፣ ስለ ብብት ግን የነገረን ማን ነው?

ይህ ሉኪሚያ ታማሚን በቀጥታ የሚነካው፣ የኒውትሮፊሉ ቁጥር ሲወርድ በብዙ አገር የሲፕሮ ቤተሰብ የሆነው ሌቮፍሎክሳሲን ለመከላከያ ስለሚሰጠው ነው። ነገሩን አታጣሙብኝ፣ መድኃኒቱ ይሠራል። በ2005 ጣሊያኖች ባወጡት ትልቅ ጥናት ሌቮፍሎክሳሲን ከወሰዱት 65 በመቶው ትኩሳት ሲይዛቸው ባዶ ክኒን ከወሰዱት 85 በመቶው ተይዘዋል። ከአንጀት የሚወጣውን ገዳይ ይቀንሳል። ዋጋው ግን ቆዳ ላይ ይከፈላል፤ የሚሞተው ሞቶ የሚተርፈው ሁሉንም የለመደ ይሆናል። ሐኪሙ ያዘዘላችሁ ከሆነ ዋጡት፣ አንድ ክኒን አትዝለሉ። እኔ የምለው ይህ ንግድ ነው፣ ትርፍም ኪሳራም አለው፣ እና ኪሳራው ላብራቶሪ ፕሌት ላይ ነው የሚታየው።

ፔኒሲሊኖቹ ሲወድቁ የቀረው ቫንኮማይሲን ነበር። የዚህ መድኃኒት ታሪክ ደስ ይለኛል። በ1950ዎቹ ቦርኒዮ ውስጥ የነበረ ሚሲዮናዊ ኤሊ ሊሊ ኩባንያ ለሚሠራ ወዳጁ እፍኝ አፈር ላከ። መድኃኒቱ ከዚያ አፈር ባክቴሪያ ተገኘ፣ በ1958 ለሰው ተፈቀደ። መጀመሪያ በደንብ ስላልተጣራ ቡናማ ነበርና «የሚሲሲፒ ጭቃ» ይሉት ነበር። ዛሬም ሉኪሚያ ታማሚ ቱቦው ሲመረዝ መጀመሪያ የሚሰቀልለት እሱ ነው። ችግሩ ኩላሊት ላይ ያርፋል፣ መጠኑ በደም ምርመራ መለካት አለበት፣ ሙጫው ውስጥም በደንብ አይገባም።

በ2000 አሜሪካ ውስጥ ሊኔዞሊድ የሚባል አንቲባዮቲክ ተፈቀደ። በክኒን መወሰድ የሚችል፣ ኩላሊት የማይጎዳ፣ ሁሉም እፎይ አለ። ለሉኪሚያ ታማሚ ግን መጥፎ ጠባይ አለው፣ ሲቆይ ፕሌትሌት፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ሴል፣ ይቀንሳል። ፕሌትሌቱ ቀድሞውኑ ላለቀ ሰው! ከዚያ መቋቋሙ መጣ። ባክቴሪያው መድኃኒቱ የሚያርፍባትን የፕሮቲን ፋብሪካውን አንዲት ፊደል ይቀይራል፣ በቃ። የዚህች ፊደል ጂን በአንድ ኤፒደርሚዲስ ውስጥ አምስት ስድስት ቅጂ አለው፣ ብዙ ቅጂ በተቀየረ ቁጥር መድኃኒቱ ይበልጥ ይፈዛል። ሲኤፍአር የሚባል ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚሻገር ጂንም አለ። ሂውስተን ያለው የኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማእከል ሐኪሞች በሉኪሚያ ታማሚዎቻቸው ደም ውስጥ ሊኔዞሊድ የማይነካው ኤፒደርሚዲስ ሲያገኙ ምን እንደተከተለ በ2018 ጽፈዋል። ግሪክ ውስጥ ደግሞ ከዚያ የባሰ ታየ፤ ሊኔዞሊድ ሲሰጠው ይበልጥ የሚያድግ ኤፒደርሚዲስ። መድኃኒቱን እንደ ቁርስ የሚበላ በሉት።

በዚያው 2018 ሜልበርን ያሉ ተመራማሪዎች ከ24 አገሮች፣ ከ96 ተቋማት የተሰበሰበ ኤፒደርሚዲስ ጂኑን አንብበው ሲያወዳድሩ፣ ሦስት የተለዩ ዘሮች ዓለምን እየዞሩ መሆናቸውን አሳዩ። አንዱ ሆስፒታል የራሱን ባክቴሪያ ለብቻው ያበቀለ መስሎት ነበር። ለካ ዘመዳሞች ናቸው። እነዚህ ዘሮች ሪፋምፒሲንን ይቋቋማሉ። ሪፋምፒሲንን እኛ ከቲቢ ጋር ነው የምናውቀው፣ ሽንት ብርቱካናማ የሚያደርገው። እዚያ ግን ቱቦዎችንም በሪፋምፒሲን ነክረው ይሠሯቸዋል፣ ባክቴሪያ እንዳይለጠፍ ብለው። ባክቴሪያው የቀየራት ያቺው አንድ ጂን ታዲያ ሪፋምፒሲንን ብቻ አላስጣለችውም፤ ቫንኮማይሲንም እንዲዳከምበት አድርጋለች። በአንድ ቁልፍ ሁለት በር። አንዱ በር ደግሞ የመጨረሻ የምንለው መሆኑ ነው የሚያናድደው።

ወደ እኛ አገር ስመጣ ትንሽ እጠነቀቃለሁ፣ ምክንያቱም ቁጥር መፈብረክ አልወድም። የማውቀውን ልናገር። በሕጉ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አይሸጥም። በተግባር ግን ፋርማሲ ገብቶ «ለተቅማጥ የሚሆን ሲፕሮ» ብሎ ስድስት ፍሬ ገዝቶ የወጣ ሰው በየቤታችን አለ፣ ሁለት ውጦ ሲሻለው የተረፈውን ለጎረቤት የሰጠም አለ። ስለ ዴንማርኮቹ ብብት ካነበብኩ በኋላ ያቺ ስድስት ፍሬ እንደ በፊቱ ቀላል አትታየኝም። ላብራቶሪውም የራሱ ጣጣ አለው። ቫንኮማይሲንን ስታፍ ላይ በዲስክ መፈተሽ አይታመንም፣ የተዳከመውንም ያልተዳከመውንም አንድ ያስመስላል፤ መጠኑን በተርታ እያሳነሱ መፈተሽ ያስፈልጋል፣ ለዚያ የሚሆነው ዕቃ ደግሞ ሁልጊዜ አይኖርም። ዲስኩ ብቻ ሲኖር «ቫንኮማይሲን ይሠራል» ብሎ መጻፍ ዓይን ጨፍኖ መፈረም ነው። ሳልጽፈው ቀርቼ ሐኪም የተቆጣኝ ቀን አለ። አልፈረድኩበትም፣ እሱም ፊቱ የተኛ ሰው አለ።

ሌላው የጠርሙስ ጉዳይ ነው። ከአንድ ጠርሙስ ውስጥ የቆዳ ስታፍ ቢበቅል እውነት ይሁን ብክለት መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሁለት መቀዳት አለበት፣ አንዱ ከቱቦው፣ አንዱ ከእጅ። ሁለት ጠርሙስ ማለት ሁለት ሒሳብ ነው፣ አስታማሚው ኪሱን ይዳብሳል፣ አንድ ይበቃል ይባላል። እዚያች አንዷ ጠርሙስ ላይ ነው ቅድም ያልኳችሁ «የቆዳ ነው፣ ተወው» የሚመጣው። ወይ የተመረዘ ሰው ይተዋል፣ ወይ ያልተመረዘ ሰው ሁለት ሳምንት ቫንኮማይሲን ይሰቀልለታል። ሁለተኛው ስህተት ድምፅ የለውም፣ ግን የሚቀጥለውን ባክቴሪያ የሚያሠለጥነው እሱ ነው።

ሰዎች ጠያቂ ይግባ አይግባ ብለው ይጨቃጨቃሉ። ጉንፋን የያዘው ሰው እውነትም አይግባ። ይህኛው ባክቴሪያ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከታማሚው ከራሱ ቆዳና ቱቦውን ከሚነኩ እጆች ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ቆሞ አክስትን ከመመለስ ይልቅ የቱቦውን አፍ ማየት ይሻላል። መርፌ ከመሰካቱ በፊት አፉ በአልኮል ወይም በክሎርሄክሲዲን አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ይፈተጋል፣ ከዚያ እስኪደርቅ ይጠበቃል። አሥራ አምስት ሰከንድ ሲወራ አጭር ናት፤ ሠላሳ ታማሚ ላላት ሲስተር በቀን ስንት ጊዜ እንደምትደጋገም ቁጠሩት። እንደ አስታማሚ «ሲስተር፣ ጠረግሽው?» ማለት የሚያሳፍር ነገር የለውም። በትህትና ከተባለ ማንም አይቆጣም፣ ከተቆጣም ይቆጣ።

ስለ ጠበልም ዝም ብል ውሸት ይሆናል። ቱቦ ደረቱ ላይ ያለ ታማሚ ጠበል ልጠመቅ ሲል ብዙ ሐኪም ይከለክላል፣ ታማሚው ደግሞ ሳይናገር ይሄዳል። እምነት ላይ የምለው የለኝም። ቱቦው ግን መርጠብ የለበትም፣ ውሃ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ከቆዳው የከፋ ነው። ተሸፍኖ፣ ቱቦው ሳይነካ እንዴት እንደሚሆን ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠይቁት፤ ካህኑንም ንገሩት፣ አብዛኞቹ ይረዳሉ።

አሜሪካ ወይም እስራኤል ሆናችሁ ፖርት ይዛችሁ ቤታችሁ የምትታከሙም አላችሁ። ሌሊት ላይ ትኩሳት ሲመጣ «ነጋ አልነጋ፣ ጠዋት እደውላለሁ» ማለት ይቀናናል፣ ሰው ማስቸገር አንወድም። ካንሰር ክፍሉ የሰጣችሁ የሌሊት ስልክ ለዚህች ሰዓት ነው። አስተርጓሚ በአማርኛ ጠይቁ። «ኬሞ ላይ ነኝ፣ ቱቦ አለኝ፣ ትኩሳቴ ይህን ያህል ነው»፣ ሦስት ነገር ይበቃል።

ላስደነግጣችሁም አልፈልግም። ከአንጀት ከሚወጡት ጋር ሲወዳደር ኤፒደርሚዲስ ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው፤ በጊዜ ከተያዘ አብዛኛው ሰው ይተርፋል። ትልቁ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ሞት ሳይሆን መዘግየት ነው። ቱቦው ይወጣል፣ አዲስ ለማስገባት ፕሌትሌት መለገስ አለበት፣ ለጋሽ ይፈለጋል፣ ቀጣዩ ኬሞ ሁለት ሦስት ሳምንት ይገፋል። ሉኪሚያ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። አንዳንዴ ቱቦውን ሳያወጡ ውስጡን በአንቲባዮቲክ ሞልተው ዘግተው ያክሙታል፣ ጀሪካኑን በበረኪና ዘፍዝፎ እንደማሳደር ነው። በዚህ ባክቴሪያ ይሞከራል፣ ኦርየስ ከሆነ ግን ማውጣት ነው።

ማሽን ያለው ላብራቶሪ ባክቴሪያ በቅሎበት ጠርሙሱ የጮኸበትን ሰዓት ይመዘግባል። ከቱቦው የተቀዳው ከእጅ ከተቀዳው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ከጮኸ ምንጩ ቱቦው ነው ተብሎ ይወሰዳል። እኛ ጋ ማሽኑ ሲበላሽ፣ ወይም ሳይኖር፣ ጠርሙሱን በዓይን ነው የምናየው፣ ጠዋትና ማታ፣ ወደ መስኮት ከፍ እያደረግን ደፈረሰ አልደፈረሰ እያልን። ጠዋት ገብቼ ሁለቱንም ደፍርሰው ካገኘኋቸው የትኛው እንደቀደመ ማወቅ አልችልም። ፕሌቱ ላይ ሲበቅሉ ያችው ነጭ፣ ያችው የጤፍ ፍሬ የምታክል ናት፣ ፕላዝማውም አይረጋም። ወረቀቱን ገለጥ አደርጋለሁ። «ኬሞ ከጀመረ 12ኛ ቀን» ካለ ስልኩን አነሳለሁ።